ሳይለኩ አይቀይሩ፦ የጥንት መኪኖች ብልጭታና የድሬዳዋ መንገድ



ዛሬ የምናገረው በካንዴላ ጫፍ ላይ ስለምትታየው ብልጭታ ነው። የቤንዚን ሞተር ጉልበት ሁሉ የሚጀምረው ከእሷ ነው። በሰዓቷና በበቂ ኃይል ካልመጣች ጥሩ ቤንዚን፣ ንጹሕ ካርቡሬተርና ጤነኛ ፒስቶን ምንም አይፈይዱም። ይዤ የመጣሁት መልእክት አጭር ነው። የብልጭታ ዕቃ ሳይለካ መቀየር የለበትም። ሲለካም ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ ሳይሆን፣ መኪናው በሚቸገርበት ሙቀትና ጭነት መለካት አለበት። ይህን ያስተማረን የመኪና ታሪክ ራሱ ነው። በአገራችን ደግሞ ይህን ትምህርት በየቀኑ የሚፈትን ከተማ ቢፈለግ፣ ከድሬዳዋ የሚቀድም ጥቂት ነው።

ከታሪኩ ልጀምር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ድሬ ለዓመታት የምድር ባቡሩ መድረሻ ሆና ቆየች። ከባሕር የመጣ ከባድ ዕቃ እዚህ እየተራገፈ፣ ከዚህ በግመልና በበቅሎ ይጓዝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ኢትዮጵያ የገቡት በዚያው ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በሲድሊ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ፊት ቀረበ። ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም በዚያው ሰሞን ናከ የሚባል መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ጉዞውንም በመጽሐፍ አሳተመ።

እነዚያ ሰዎች የሄዱበትን መንገድ አስቡት። ጥርጊያ መንገድ የለም፤ ጋራዥ የለም፤ የመለዋወጫ መደብር የለም። አቧራና ሙቀት ግን በሽ ነው። በእንዲህ ያለ አገር ብልጭታው የጠፋበት ሰው ዕቃ እየቀያየረ ዕድሉን ሊሞክር አይችልም፤ የሚቀይረው ዕቃ የለውምና። ችግሩ የት እንዳለ ፈልጎ ማግኘት ግዴታው ነው። የጥንት አሽከርካሪ መርማሪ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያን ጊዜ ብልጭታን አስተማማኝ ማድረግ የመላው ዓለም ራስ ምታት ነበር። የመጀመሪያውን የቤንዚን መኪና የሠራው ካርል ቤንዝ፣ ከገጠሙት ችግሮች ሁሉ ማቀጣጠልን ዋናው አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ቤንዝ ባትሪና ኮይል ሲጠቀም፣ ሌሎቹ ጀርመናውያን መሐንዲሶች ዳይምለርና ማይባኽ ሌላ መንገድ ያዙ። በእሳት የጋለ ቱቦ ሲሊንደሩ ላይ ተክለው፣ የታመቀው ጋዝ ከቱቦው ጋር ሲገናኝ እንዲቀጣጠል አደረጉ። ቱቦው ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ሆኖም ጋዙ የሚቀጣጠልበትን ቅጽበት ማስቀደምም ሆነ ማዘግየት አይቻልም። ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ቱቦው አብሮት አይራመድም። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ ፈረንሳዮቹ ደ ዲዮንና ቡቶን በባትሪ፣ በኮይልና በሞተሩ ዙር እየተከፈተ ኤሌክትሪኩን በሚቆርጥ ፑንቲና የሚቀጣጠል ትንሽ ሞተር ሠሩ። የዳይምለር ሞተሮች በደቂቃ 750 ዙር አካባቢ ሲዞሩ የእነሱ 1,500 ደረሰ። ፍጥነቱን በእጥፍ ለመጨመር የብልጭታዋን ሰዓት መቆጣጠር ትልቁን ድርሻ ይዟል።

ቀጥሎ የመጣው ማግኔቶ ነው። የጀርመናዊው ሮበርት ቦሽ ዎርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1897 ማግኔቶን ተሽከርካሪ ላይ ገጠመ። በ1902 ደግሞ የቦሽ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ለካንዴላ የሚያቀርብ ማግኔቶ ሠራ። የዚያ ዘመን ባትሪ በጉዞ ላይ ያልቃል፤ የሚሞላበትም ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ማግኔቶ ግን በሞተሩ ዙር ኤሌክትሪኩን ራሱ ያመነጫል። ከዚያም አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ለ1910 ካዲላክ የባትሪ፣ የኮይልና የአንድ ፑንቲና ሥርዓት አቀረበ፤ በ1912 ደግሞ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሞተር ጨመረበት። በድሬና በሐረር መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት ሕዝብ ያመላለሰው ፔጆ 404 ከኮፈኑ ሥር ያለው ሥርዓት በመሠረቱ ይኸው የኬተሪንግ ሐሳብ ነው።

ስለ ምርመራ ከተነሣ ግን ከሁሉም በላይ የምደነቅበት የፎርድ ሞዴል ቲ ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። አራት ሲሊንደር አለው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በእንጨት ሣጥን ውስጥ ያለ የራሱ ኮይል ተሰጥቶታል። ኮይሉ ላይ የምትንቀጠቀጥ ምላስ አለች፤ እየከፈተችና እየዘጋች ብልጭታውን ታወጣለች። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የአንዷ ምላስ ሞላ ጠንክሮ የሌላዋ ከላላ፣ አንዱ ሲሊንደር ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይቀጣጠላል። ሞተሩ ይነሣል፤ ይሄዳልም፤ ነገር ግን ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል። ብዙ ሰው ምላሷን በጆሮው እየሰማ ያስተካክል ነበር፤ ዝዝታዋ ካማረ በቃው።

ዝዝታ ግን ልኬት አይደለም። ስለዚህ በእጅ የሚዞር የኮይል መፈተሻ ማሽን ተሠራ። ማሽኑ የመኪናውን ማግኔቶ የሚመስል ማግኔቶ፣ የአምፔር ቆጣሪና ዙሪያውን ብልጭታ የሚታይበት ቀለበት አለው። ኮይሉ ይገጠማል፤ ማሽኑ ይዞራል። ቆጣሪው 1.3 አምፔር አካባቢ ማሳየት አለበት። በቀለበቱ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር 16 ብልጭታዎች እኩል ተራርቀው መታየት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ፣ ወይም በአንድ ቦታ ሁለት ከታየ፣ ወይም አንዱ ወፍሮ ሌላው ከቀጠነ ያ ኮይል ገና አልተስተካከለም። አራቱም ኮይሎች አንድ ዓይነት ውጤት ሲሰጡ ያ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ጸጥ ብሎ ይሠራል። ልብ በሉ፤ አዲስ ዕቃ አልተገዛም። የመኪናውን ጠባይ የለወጠው ትክክለኛ ልኬት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን መኪና እንምጣ። ቁልፉ ሲከፈት የባትሪው 12 ቮልት ወደ ኮይሉ ይገባል። ፑንቲናው ሲዘጋ፣ ከኮይሉ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች በወፍራሙ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ ኮይሉም ጉልበት ያጠራቅማል። ፑንቲናው ሲከፈት ፍሰቱ በድንገት ይቋረጣል። በዚያች ቅጽበት በቀጭኑ ጥቅል ላይ ከ10,000 ቮልት በላይ ይነሣል፤ በዲስትሪቢዩተሩ በኩል ተራ ወደ ደረሰው ካንዴላ ይሄዳል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በሰኮንድ 100 ጊዜ ይህ ይደገማል። ኮይሉ ጉልበት የሚያጠራቅምበት ጊዜ ታዲያ ከአንድ መቶኛ ሰኮንድ ያንሳል። ማንኛዋም ትንሽ ጉድለት በዚህ ጥድፊያ መካከል ትጎላለች።

የምርመራውን ቅደም ተከተል ከምንጩ እንጀምር። መጀመሪያ ባትሪው ይለካ፤ ሞተሩ ሲነሣ ቮልቴጁ ከ9.5 በታች መውረድ የለበትም። ከዚያ ኮይሉ መግቢያ ላይ የሚደርሰው ቮልት ከባትሪው ጋር ይነጻጸር። የቁልፍ ማብሪያው ከተበላ፣ ወይም የሽቦው ጫፍ ከዛገ፣ አንድ ሁለት ቮልት በመንገድ ይቀራል። ቀጥሎ ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ ከፑንቲናው መግቢያ እስከ ማሳ፣ ማለትም እስከ ሞተሩ ብረት ድረስ ይለካ። የቮልት ቆጣሪው ከ0.2 በላይ ካሳየ የፑንቲናው ገጽ ቆሽሿል፣ ወይም የዲስትሪቢዩተሩ ማሳ ደካማ ነው። ይህች ልኬት የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት፤ ብዙ ኮይል በከንቱ ከመጣል ታድናለች።

የፑንቲናው ክፍተት በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር መኪኖች 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ክፍተቱ ሲጠብና ሲሰፋ ግን ብልጭታው የሚመጣበት ሰዓትም አብሮ ይለወጣል። በዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ላይ የምትሻሽ የፑንቲና ክፍል አለች፤ ቅባት ካጣች ቶሎ ትበላለች። ስትበላ ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናው ዘግይቶ ይከፈታል፤ ብልጭታውም ይዘገያል። ብልጭታ ሲዘገይ ጋዙ ጉልበቱን ፒስቶኑን በመግፋት ሳይጨርስ እየነደደ ይወጣል፤ ሙቀቱም ወደ ጭስ ማውጫውና ወደ ሞተሩ ራስ ይሄዳል። እንግዲህ እንዲህ ያለ መኪና ሰው ሞልቶ፣ ከድሬ ወደ ሐረር በሚወስደው የደንገጎ ሽቅብ ሲወጣ ውኃ ያፈላል። ሾፌሩ ራዲያተሩን ያሳጥባል፤ ቴርሞስታቱን ያስወጣል፤ የውኃ ፓምፑን ያስቀይራል። ጥፋቱ ግን የተበላችው ትንሽ የፑንቲና ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ክፍተቱ፣ ቀጥሎ ሰዓቱ ይስተካከል። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

ከፑንቲናው ጋር የተያያዘው ኮንደንሰርም ተመልካች ያጣ ዕቃ ነው። መጠኑ 0.2 ማይክሮፋራድ አካባቢ ነው። ከሌለ ወይም ከሞተ ፑንቲናው ሲከፈት ኤሌክትሪኩ በክፍተቱ ላይ እንደ እሳት ይዘልላል፤ ፑንቲናው ይቃጠላል፤ በካንዴላው ላይ ያለው ብልጭታም ቢጫና ቀጭን ይሆናል። በየጥቂት ሳምንቱ ፑንቲና የሚበላ መኪና ካጋጠማችሁ ኮንደንሰሩን መርምሩ። አንዳንዱ ኮንደንሰር ጠዋት ሲቀዘቅዝ ደኅና ነው፤ ሲግል ግን ኤሌክትሪክ ያፈስሳል። ቀዝቃዛውን ለክቶ ደኅና ነው ማለት ሾፌሩን ለእኩለ ቀን ችግር ማሰናዳት ነው።

የድሬ ጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኮይል የመዳብ ሽቦ ነው፤ መዳብ ደግሞ ሲግል ኤሌክትሪክን የበለጠ ይከለክላል። በ20 ዲግሪ ሙቀት 3 ኦም የሚለካ ኮይል በ90 ዲግሪ 3.8 ኦም ይሆናል። በ12 ቮልት ሲሰላ ፍሰቱ ከ4 አምፔር ወደ 3.1 አካባቢ ይወርዳል። ኮይሉ የሚያጠራቅመው ጉልበት ከፍሰቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ከብልጭታው ጉልበት ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ይጠፋል ማለት ነው። በግንቦትና በሰኔ ጥላ ሥር ከ35 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ከተማ፣ ኮፈን ተዘግቶ፣ ኮይሉ ከጭስ ማውጫው ጎን ተቀምጦ 90 ዲግሪ መድረስ የሚያስገርም አይደለም። ጠዋት በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ሰማያዊ ብልጭታ የሰጠ ኮይል በቀትር ሽቅብ ላይ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

የመንገዱ ከፍታም የራሱ ሥራ አለው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ናት፤ ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ የደንገጎ ማለፊያ ደግሞ ከሁለቱም ከፍ ይላል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። የሳሳ ጋዝ ቀስ ብሎ ይነድዳል፤ ስለዚህ ብልጭታው ትንሽ ቀደም እንዲል ይፈልጋል። በደጋ የተስተካከለ ሰዓት በቆላ ሙቀትና ጭነት ላይ ሞተሩን ሊያንኳኳ ይችላል፤ በቆላ የተስተካከለውም በደጋ ሊዘገይ ይችላል። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶችና ሞላዎች ሰዓቱን ከሞተሩ ዙር ጋር፣ ከጎኑ ያለችው የቫኩም ክፍል ደግሞ ከጭነቱ ጋር እንዲያስማሙ የተሠሩ ናቸው። የቫኩም ክፍሉ የጎማ ሽፋን ተቀድዶ ቱቦው ታስሮ የሚሄድ መኪና ብዙ ነው፤ ሾፌሩ ቤንዚን በላብኝ ከማለት ሌላ ምልክት አያይም።

ብልጭታን በአየር ላይ አይቶ መፍረድም ስሕተት ነው። ፓሸን የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳሳየው፣ ኤሌክትሪክ ክፍተትን ለመዝለል የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ከጋዙ ግፊት ጋር ይጨምራል። ሲሊንደር ውስጥ ጋዙ ከውጭው አየር ስምንት እጥፍ ያህል ታምቆ ይጠብቃል። ካንዴላ ተነቅሎ ማሳ ላይ ተደግፎ በ0.6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢያበራ፣ ሲሊንደር ውስጥ ለማብራቱ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ፈታኙ ክፍተት በነጻ አየር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ያንን በሰማያዊ ብልጭታ፣ ኮይሉ ግሎ ሳለ፣ ሳይቆራረጥ ከዘለለ ለሥራ ብቁ ነው። ይህን ስትሠሩ ቤንዚን በአቅራቢያ አይኑር፤ ባዶ እጅም ሽቦውን አይንካ።

የዲስትሪቢዩተር ክዳንና የካንዴላ ሽቦ በጨለማ ይመርመሩ። ሞተሩ እየሠራ መብራት ሲጠፋ በክዳኑና በሽቦው ላይ የምታመልጥ ብልጭታ ለዓይን ትታያለች። የድሬ አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል በክዳኑ ውስጥ መንገድ ያወጣል፤ ኤሌክትሪኩም አንድ ጊዜ በዚያ ካለፈ ጥቁር መስመር አቃጥሎ ይተዋል። ያን መስመር ማጠብ ለጊዜው ብቻ ይረዳል፤ ክዳኑ መቀየር አለበት። ካንዴላውም ይነበብ። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ወይም ብልጭታ መድከሙን ይናገራል። ነጭ ሆኖ ከፈላ ደግሞ ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል፣ ወይም የካንዴላው ዓይነት ለዚያ ሞተር አይስማማም። በጥንት ዘመን የካንዴላ ሸክላ በሙቀት ይሰነጠቅ ነበር። አንዳንዱ ፋብሪካ በማይካ ሞከረ፤ ዛሬ የምናውቀው ጠንካራ የአሉሚና ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመጣው ከዚያ ሁሉ መሰባበርና ምርመራ በኋላ ነው።

ስለ ማሻሻል ጥቂት ልበል። ማሻሻል የሚጀምረው ከንጹሕ ማሳ፣ ከወፍራምና ጤነኛ ሽቦ፣ ኮይሉንም ከጭስ ማውጫው ሙቀት ከማራቅ ነው። ይህ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። ቀጣዩ ደረጃ ትራንዚስተር መጨመር ነው። ያን ጊዜ ፑንቲናው አራት አምፔር መቁረጡ ይቀርና ትንሽ ምልክት ብቻ ይሰጣል፤ ከባዱን ሥራ ትራንዚስተሩ ይሠራል፤ ፑንቲናውም ዕድሜው ይረዝማል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ግን አለ። ለኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት የተሠራ አነስተኛ ኦም ያለው ኮይል በፑንቲና መኪና ላይ እንዲሁ አይገጠም። ፍሰቱ ከልክ በላይ ይሆንና ፑንቲናውን ያቃጥላል፤ ኮይሉም በድሬ ሙቀት ይበስላል። ዕቃው አዲስና ውድ መሆኑ ለመኪናው ይስማማል ማለት አይደለም።

ዛሬ በከተማችን የሞሉት ባጃጆች ፑንቲና የላቸውም። ካፓሲተር ሞልቶ በአንድ ጊዜ ወደ ኮይሉ የሚለቅ ትንሽ ሣጥን አላቸው። ቢሆንም የምርመራው መንገድ አልተለወጠም። ምንጩ፣ ምልክት ሰጪው፣ ኮይሉ፣ ሽቦው፣ ካንዴላውና ማሳው በተራ ይለካሉ። ባጃጅ በቆመ ቁጥር ሣጥኑን ከመቀየር ይልቅ እንዲህ የሚመረምር ወጣት፣ ነገ የሚመጣውንም ተሽከርካሪ መጠገን አይከብደውም። በአሮጌ መኪና ላይ የተማረ መርማሪ ለአዲሱም ይተርፋል የምለው ለዚህ ነው።

የዚህ ከተማ ልጆች ለልኬት እንግዳ አይደላችሁም። የምድር ባቡሩ ዎርክሾፕ በቶርኖ ብረት እየቀረጸ መለዋወጫ ያወጣ የነበረ ቤት ነው። ከውጭ ዕቃ እስኪመጣ ሳይጠበቅ፣ የተሰበረው ተለክቶ በልኩ ይሠራ ነበር። ያ የሙያ ክብር ከሐዲዱ ጋር ማርጀት የለበትም።

አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ይላሉ። ሳይለኩ ዕቃ መቀየርም ከዚሁ ይቆጠራል። የባለ መኪናው ገንዘብ ይባክናል፤ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ደኅና ዕቃ ይጣላል፤ ከሁሉም በላይ በመካኒኩ ላይ ያለው እምነት ይጎዳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የጋራዥ ባለቤቶች ሆይ፣ በየጋራዣችሁ አንድ መልቲሜትር፣ አንድ ፊለር ጌጅ፣ አንድ የሰዓት ማስተካከያ መብራትና አንድ ደብተር ይኑሩ። እያንዳንዱ መኪና ሲገባ የተለካው ቁጥር፣ ቀዝቅዞም ግሎም፣ በቀኑ ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ ያ ደብተር የድሬዳዋን ሙቀትና የደንገጎን ሽቅብ የሚያውቅ የሙያ መጽሐፍ ይሆናችኋል። የሙያ ማሠልጠኛ መምህራን ሆይ፣ አንድ አሮጌ ዲስትሪቢዩተር ከኮይሉና ከካንዴላዎቹ ጋር በጠረጴዛ ላይ ተክላችሁ፣ ሠልጣኙ ብልጭታዋ ስትወለድና ስትጠፋ በዓይኑ ያይ። አሮጌ መኪና ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ ለመካኒካችሁ «ቀይርልኝ» ከማለታችሁ በፊት «ለክተህ አሳየኝ» በሉት።